ወንጌል፣ ትምባሆና ስንዴ፤ እንግሊዞች በአሜሪካ ስለ መሠረቷቸው የመጀመሪያ ሠፈሮች

በ1659 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የነበረው የማሳቹሴትስ ሸንጎ፣ የልደትን በዓል ሥራ በመፍታት ወይም ድግስ በመደገስ የሚያከብር ሰው ሁሉ አምስት ሺሊንግ እንዲቀጣ ደነገገ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ በቨርጂኒያ የተቀመጡት፣ በቋንቋም በትውልድም ከእነርሱ የማይለዩት እንግሊዞች ግን ይህንኑ ዕለት እንደ አባቶቻቸው ልማድ ሲበሉና ሲጠጡ ይውሉ ነበር። ሸንጎው ይህን ሕግ ያወጣው ጌታን ክዶ አይደለም፤ ቀኑ በቅዱሳት መጻሕፍት ተለይቶ ስላልተጻፈ በዓሉ የሰው ሥርዓት እንጂ አምላካዊ ትእዛዝ አይደለም ብሎ ስላመነ ነው። እነዚህን ሠፈሮች «የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች» ብሎ በአንድ ስም ጠቅልሎ መጥራት ለአነጋገር ይመች ይሆናል፤ በኑሮ፣ በሃይማኖትና በሀብት አሰባሰብ ግን የተራራቁ ነበሩ።

በዕድሜ የምትቀድመው ቨርጂኒያ ናት። በ1607 በግንቦት ወር በጄምስ ወንዝ ዳር ያረፉትን 104 ወንዶችና ልጆች የላካቸው በለንደን የተቋቋመ የነጋዴዎች ማኅበር ሲሆን፣ ወርቅ ተስፋ አድርገው ሄደው የጠበቃቸው ጨው የተቀላቀለበት ውሃ፣ በሽታና ረኃብ ስለ ነበረ፣ በ1609 መጨረሻና በ1610 መጀመሪያ በነበረው የብርድ ወራት በጄምስታውን ምሽግ ውስጥ በሕይወት የተገኙት ስድሳ ያህል ብቻ ነበሩ። ሠፈሯን ከመጥፋት ያዳናት በ1612 ገደማ ጆን ሮልፍ የተባለው ሰው የሞከረው የትምባሆ ዘር ነው። ትምባሆ ግን የመሬቱን ጉልበት በጥቂት ዓመታት አሟጥጦ የሚጨርስ ተክል በመሆኑ፣ ባለ እርሻው ዘወትር አዲስ መሬት ይሻል፤ መንግሥቱም የአንድን ሰው የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ላመጣ ሁሉ 50 ኤከር ይሰጥ ስለ ነበር፣ ገንዘብ ያለው ሰው በየወንዙ ዳር ሰፊ ርስት እየያዘ፣ ከለንደን የመጣው መርከብ ከገዛ ደጁ ትምባሆውን ጭኖለት ዕቃውን አራግፎለት እየሄደ፣ ከተማ ሳያስፈልገው ይኖር ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑም ጠባይ ከዚሁ የተቀዳ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በቨርጂኒያ በሕግ የቆመች የመንግሥት ሃይማኖት ብትሆንም፣ አንዱ ሰበካ እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ ካህኑ ምእመናኑን ሊያዳርስ አይችልም፤ በብዙ ቦታ ጸሎቱን የሚያነብበው ያልተካነ ሰው ነበር። በመላው የቅኝ ግዛት ዘመን አንድ ጳጳስ እንኳ ወደ አሜሪካ ስላልተላከ፣ ክህነት የሚፈልግ ወጣት ውቅያኖስ ተሻግሮ ለንደን መሄድ ግዴታው ነበር። ካህኑን የሚቀጥሩትና የሚያሰናብቱት የሰበካው ጉባኤ አባሎች፣ ማለት ባለ ርስቶቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ደመወዙም በ1696 በወጣው ሕግ መሠረት በዓመት 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ነበረ። ጥሩ መዓዛ ያለው ትምባሆ በሚበቅልበት ሰበካ ለመሾም ቀሳውስቱ መሽቀዳደማቸውን ታዲያ ማን ይነቅፋቸዋል?

የትምባሆው ሥራ በመጀመሪያ የተሠራው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት በውል በታሰሩ ድኾች እንግሊዞች ጉልበት ነው። በ1619 ሃያ ከምናምን አፍሪካውያን በፖይንት ኮምፎርት ወርደው ከተሸጡ በኋላ ግን፣ ቀስ በቀስና ሕግ በሕግ ላይ እየተደረበ፣ ባርነት ሥር ሰደደ፤ በ1662 ልጅ ሁሉ በእናቱ ሁኔታ ባሪያ ወይም ጨዋ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ1667 ደግሞ ጥምቀት የባሪያን ባርነት እንደማይፈታ ተደነገገ። ይህ ሁለተኛው ሕግ እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ክርስቲያኑን ባሪያ ማድረግ አይገባም የሚለውን የቆየ ሐሳብ የፈሩ ጌቶች፣ ከምሥጢራት አንዱ በሰው ላይ የሚያደርገውንና የማያደርገውን በሸንጎ ድምፅ ቆርጠዋልና።

በሰሜን የነበረው አሠፋፈር ሌላ ነው። በ1620 ሜይፍላወር በምትባለው መርከብ 102 መንገደኞች ወደ ፕሊመዝ፣ ከ1630 ጀምሮም በጆን ዊንትሮፕ መሪነት እስከ ሃያ ሺህ የሚደርሱ ሰዎች በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ ማሳቹሴትስና አካባቢዋ ሲሻገሩ፣ የመጡት በቤተ ሰብ፣ አንዳንዴም ከሰባኪያቸው ጋር በማኅበር ነበር። መሬቱም የሚሰጠው በመርከብ ዋጋ ልክ አልነበረም፤ ሸንጎው ለአንድ ማኅበር ይሰጥና ማኅበሩ ለየቤተ ሰቡ ያካፍላል፤ በዚህም ምክንያት ቤቶቹ በጸሎት ቤቱ ዙሪያ ተጠጋግተው ተሠሩ። ጎረቤት የጎረቤቱን ኃጢአት የሚያይበት፣ ሽማግሌዎች የሰንበትን መሻር የሚመረምሩበት፣ ግዘትም ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ባለ ሠፈር ነው። ከ1631 ጀምሮ በመንግሥት ጉዳይ ድምፅ የሚሰጠው ወንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኛ ሆኖ የተመሰከረለት ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ማንበብ ስለሚገባው፣ በ1647 የወጣው ሕግ 50 ቤተ ሰብ ያለበት ከተማ ሁሉ የንባብና የጽሕፈት መምህር እንዲቀጥር አዘዘ።

እነዚህ ሰዎች ባሕር የተሻገሩት ለሁሉ ሰው የእምነት ነፃነት ለመስጠት ነው ማለት ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ እነርሱም እንዲህ አላሉም። ሰባኪውን ሮጀር ዊልያምስን አባረሩት፤ እርሱም በ1636 ፕሮቪደንስን መሠረተ። ከ1659 እስከ 1661 ድረስ ደግሞ ኩዌከር ከተባለው የክርስቲያን ወገን አራት ሰዎችን በቦስተን ሰቀሉ።

በመካከል ያለው ምድር በሆላንዶች እጅ የተጀመረ ነው። በ1643 ኒው አምስተርዳምን ያየው ኢየሱሳዊው ካህን ኢሳቅ ዦግ 18 ቋንቋ እንደሚነገርባት ጽፏል፤ በ1654 ከብራዚል የተሰደዱ 23 አይሁድ ሲደርሱባትም፣ አስተዳዳሪው ስታይቨሰንት ሊያባርራቸው ቢፈልግ ሠፈሯን የሚገዛው የሆላንድ ነጋዴዎች ኩባንያ ከባለ አክሲዮኖቹ መካከል አይሁድ ስለ ነበሩበት ከለከለው። በ1664 እንግሊዞች ያዟትና ኒው ዮርክ አሏት። በ1681 ንጉሡ ከአባቱ ለተበደረው ዕዳ መክፈያ ሰፊ ምድር የሰጠው ኩዌከሩ ዊልያም ፔን፣ የመንግሥት ሃይማኖት የሌለባትን ፔንሲልቫኒያን ሲያቋቁም፣ ጀርመኖችና ሌሎችም ጎረፉላት፤ በለም መሬቷ ስንዴ ዘርተው ከፊላደልፊያ ወደብ ዱቄት ይልኩ ነበር። በ1688 በጀርመንታውን አራት ሰዎች ባርነትን ተቃውመው ጻፉ፤ ጽሑፉ ከአንዱ የኩዌከሮች ጉባኤ ወደ በላዩ ጉባኤ ሲመራ ቆይቶ ሳይወሰንበት ተቀመጠ፤ ውሳኔው የመጣው በ1776 ነው።

በደቡብ ጫፍ ያለችውን ካሮላይናን ከ1670 ጀምሮ ካቀኗት ብዙዎቹ ከባርቤዶስ ደሴት የመጡ የስኳር ጌቶች ስለ ነበሩ፣ የባሪያ ሕጋቸውን ከነልማዱ ይዘው ገቡ፤ ሩዝም በረግረጉ ላይ ሲስፋፋ፣ በ1708 የአፍሪካውያኑ ቁጥር ከነጮቹ በልጦ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ልዩነት ሰሜኑን በጽድቅ፣ ደቡቡን በስስት ለመተርጎም የሚቸኩሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ከማሳቹሴትሶቹ ጋር አንድ እምነት የነበራቸው ሰዎች በዚያው በ1630 በካሪቢያን ባሕር ፕሮቪደንስ በምትባል ደሴት ላይ ሌላ የቅዱሳን ሠፈር መሠረቱ፤ እስጳኞች በ1641 እስኪነጥቋቸው ድረስ ግን የኖሩት ባሪያ እየገዙና የባሕር ዘረፋ እያካሄዱ ነበር። ሃይማኖቱ ያው ሆኖ፣ አፈሩና ሰብሉ ሲለወጥ ማኅበሩም ተለወጠ።

ሁለቱ ሠፈሮችም ተገናኝተዋል። የአገሩ ተወላጅ በሆነው በፒኮት ሕዝብ ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ዲዛየር የተባለችው መርከብ ምርኮኞችን ወደዚያች ደሴት ወስዳ ስትመለስ፣ በየካቲት 1638 ጥጥ፣ ትምባሆና አፍሪካውያን ባሪያዎች ማምጣቷን ዊንትሮፕ ራሱ መዝግቦታል፤ በ1641ም የማሳቹሴትስ ሕግ በጦር የተማረኩትንና የተሸጡ ባዕዳንን ባሪያ ማድረግን ፈቀደ። ድንጋያማው መሬት እህል የነሣቸው የኒው ኢንግላንድ፣ ማለት የማሳቹሴትስና የአካባቢዋ፣ ሰዎች የሚሸጡት ዋና ነገር ጨው ተነስንሶበት የደረቀ ዓሣ ነበረ፤ ምርጡን የእስጳንያና የፖርቱጋል ካቶሊኮች ለጾማቸው ይገዙታል፤ የተሰባበረውና የተበላሸው ደግሞ ወደ ስኳር ደሴቶች ሄዶ ለባሪያዎች ቀለብ ይሆናል፤ በዋጋውም የሚመጣው የሸንኮራ አተላ በቦስተን ሩም ተብሎ ወደሚጠራው አረቄ ይለወጥ ነበር።