ባለመስታወት የመታሰቢያ ሳጥን አሠራር

ባለመስታወት የመታሰቢያ ሳጥን ከፎቶ ፍሬም የሚለየው በጥልቀቱ ነው። ፍሬም ወረቀት ይይዛል፤ ሳጥኑ ግን የአያትን ሜዳሊያ፣ የሕፃንን የመጀመሪያ ጫማ፣ የአንገት መስቀል ወይም የማርያ ቴሬዛ ብር ሳይጫን ሳይጣመም ግድግዳ ላይ ያሳያል። አሜሪካዊው የኪነ ጥበብ ሰው ጆሴፍ ኮርኔል (እ.ኤ.አ. 1903–1972) ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ እየለቀመ የሠራቸው እንዲህ ያሉ ሳጥኖች ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይታያሉ። ለቤት የሚሆነው ግን የሠዓሊ እጅ አይጠይቅም።

ሥራው የሚጀምረው ከእንጨቱ ሳይሆን ከዕቃዎቹ ነው። ዕቃዎቹ ሰፊ ወረቀት ላይ ተዘርግተው፣ ቦታቸው እየተቀያየረ ከታየ በኋላ ዙሪያቸው በእርሳስ ይሠመራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ያለውን ሁሉ ያጭቁና ሳጥኑን የሱቅ መደርደሪያ ያስመስሉታል። አንድ ታሪክ የሚናገሩ ሦስት አራት ዕቃዎች ይበቃሉ። በየመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። ጥልቀቱ ደግሞ ከወፍራሙ ዕቃ ቢያንስ በ1 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ መስታወት የነካው ጨርቅ ወይም ፎቶ እርጥበት ሲያገኘው ተጣብቆ ይቀራል።

ለጎንና ጎኑ ዋንዛ ጥሩ እንጨት ነው፤ ለመጋዝም ለመላጊያም ይመቻል። ጽድ መዓዛው ደስ ቢያሰኝም፣ ያ መዓዛ ከእንጨቱ የሚተን ዘይት ስለሆነ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ለዕቃዎቹ አይበጅም። አራቱ ጣውላዎች ጫፋቸው በ45 ዲግሪ ተቆርጦ በኮላና በቀጭን ሚስማር ይገጠማሉ። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ተንጋዷል። መስታወቱ ከማስቀመጫው 2 ሚሊ ሜትር ያህል አንሶ ይቆረጥ፤ እንጨት በክረምት ያብጣል። በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሶ ቫርኒሽ የተቀባ ሳጥን ሽታው እስኪጠፋ ለሳምንታት ክፍቱን ይቆያል። የጀርባው ኮምፔርሳቶ ወደፊት እንዲከፈት በብሎን እንጂ በሚስማር አይመታም።

የውስጡ ልባስ ስታርቹ እስኪለቅ የታጠበ አቡጀዲ ቢሆን ይመረጣል። ሱፍ ድኝ ያለበት ትነት ስለሚያወጣ ብርን ያጠቁራል፤ የላስቲክ ማሰሪያም እንደዚሁ።

ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ ዕቃውን ኮላም ፕላስተርም አይነካውም። ጫማ ወይም የነጠላ ጥለት በጥጥ ክር ከልባሱ ጋር በስሱ ይሰፋል፤ ሜዳሊያ በሪባኑ ይንጠለጠላል። 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 28 ግራም ክብደት ያለው የማርያ ቴሬዛ ብር በልኩ በተቆረጠ ወፍራም ወረቀት ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል። በሎሚ ወይም በአመድ አሽቶ ማወልወል ግን ላዩን መፋቅ ነው፤ ለሰብሳቢዎች የታሸ ሳንቲም ዋጋው የወረደ ነው። ፎቶና ደብዳቤ ከሆነ ቅጂው ይሰቀል፤ ዋናው ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ምክንያቱ ብርሃን ነው። ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስም፤ ጉዳቱም ከዓመት ዓመት ይደመራል። ሙዚየሞች ጨርቅና ወረቀት የሚያሳዩት በ50 ሉክስ ገደማ ደብዛዛ ብርሃን ነው። ቤት ውስጥ ያን ያህል መጠንቀቅ ባይቻልም፣ ሳጥኑ ከመስኮት ትይዩ፣ ከምድጃ በላይ ወይም እርጥበት በሚያስገባ ግድግዳ ላይ መሰቀል የለበትም። ባለመስታወት ሳጥን ከባድ ስለሆነ በሁለት ፊሸር ይታሰር።

ከመዘጋቱ በፊት የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤት ስም፣ ቦታና ዘመን በወረቀት ተጽፎ ከልባሱ ጀርባ ይቀመጣል። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይደበዝዛል፣ እርጥበት ሲነካውም ይፈሳል፤ እርሳስ ግን ካርቦን ስለሆነ ብርሃንም ውኃም አያጠፋውም።