ከመቀሌ እስከ ጋምቤላ፤ የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ አቆጣጠር

ድርቅ ለጐዳው ወገን ዕርዳታ ለማድረስም ሆነ ተጐጂዎችን ወደ ሠፈራ ጣቢያ ለማጓጓዝ ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ፣ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ርቀቱ ምን ያህል ነው፤ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል የሚለው ነው። መልሱ እንደ መንገዱና እንደ ማጓጓዣው ዓይነት ይለያያል። በመሆኑም አንድ አኃዝ ብቻ ይዞ የሚነሳ ዕቅድ ከፍጻሜ መድረስ ያዳግተዋል። ለዚህም የመቀሌና የጋምቤላ መስመር ጥሩ ምሳሌ ነው።

በሁለቱ ከተሞች የአይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራሪዎች የሚለኩት በባሕር ማይል ስለሆነና አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ይኸው ርቀት በእነርሱ ስሌት 432 ያህል ይሆናል። በአዲስ አበባ በኩል ሲበረር ግን የመጀመሪያው ክፍል 500፣ ሁለተኛው 475 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ድምሩ ወደ 975 ከፍ ይላል። በደሴና በአዲስ አበባ በኩል የሚወስደው የመኪና መንገድ ደግሞ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው።

የበረራው ጊዜ የሚገኘው ርቀቱን ለአይሮፕላኑ ፍጥነት በማካፈል ነው። በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ሄርኩሊስ ቀጥተኛውን መስመር በ1 ሰዓት ተኩል፣ 270 ያህል የሚበር ዲሲ 3 ደግሞ በ3 ሰዓት ይፈጽመዋል። ለመነሳት፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጨመር ይገባል።

ጭነትም ከርቀት ጋር የተያያዘ ነው። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላኑ ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ አለዚያ ጭነቱ ይቀነሳል። በመድረሻው ነዳጅ ከሌለ የመልሱን ነዳጅም ይዞ ስለሚነሳ፣ የእህሉ መጠን በዚያው ልክ ያንሳል።

ሰው ሲጓጓዝ ግን ስሌቱ ከዚህ የሰፋ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሰሜንና ከመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስደዋል። ከትግራይ የተነሱት ብዙዎቹ ከመቀሌ እስከ አዲስ አበባ በአንቶኖቭ 12 ተጓጉዘው፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ቀጥለዋል። የዚህ አይሮፕላን የጭነት ክፍል የአየር ግፊቱ የማይጠበቅለት፣ ለዕቃ እንጂ ለመንገደኛ ያልተሠራ ነበር። በረራው ያጠረ ቢሆንም በረሃብ ለተዳከመ ሰው፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር እጅግ ከባድ ነበር።

ከዚህም በላይ ጋምቤላ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ ሙቀትና ወባ የሚበረታባት ቆላ ናት። ደገኛው በሰዓታት ውስጥ ቆላ ይደርሳል፤ ሰውነቱ ግን ወባን የመቋቋም ኃይል በሰዓታት አያገኝም። ስለዚህ አይሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በመድረሻው የመጠጥ ውሃ፣ መጠለያ፣ ስንቅና የወባ መድኃኒት ያለው ጤና ጣቢያ መዘጋጀታቸው መረጋገጥ አለበት። ቤተሰብ እንዳይለያይም አባወራው፣ እማወራዋና ልጆቹ በአንድ መዝገብ ተመዝግበው በአንድ በረራ መሳፈር ይኖርባቸዋል።

እንግዲህ የጉዞው ጊዜ የሚቆጠረው ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ አይደለም። ተጓዡ ከመጠለያው ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ፣ ጤናው ተጠብቆ ከቤተሰቡ ጋር በአዲሱ ጎጆው እስከሚያድርበት ሌሊት ድረስ ነው።