ጥፋቱ የሌንሱ ነውን? አዲስ የቴሌፎቶ ዙም ሌንስን የመፈተንና የማስተካከል ዘዴ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትኛውም የዓለም ክፍል በተፈጥሮ አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 እንደማይበልጥ የሚገመት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚያጠና ሰው እንዳያስበረግገው ሲል ከሩቅ ሆኖ ፎቶግራፍ ማንሳት ይኖርበታል። ቀበሮው በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆምና የሌንሳችን የትኩረት ርቀት 300 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ 1 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አካሉ በካሜራው ሴንሰር ላይ 3 ሚ.ሜ. ብቻ ይሆናል። የአንዱ ፒክስል ስፋት 6 ማይክሮሜትር ነው ብንል፣ ሙሉ አካሉ 500 ፒክስል ይይዛል። አንዱን ቀበሮ ከሌላው ለመለየት የሚረዳ 1 ሴ.ሜ. የሆነ የጆሮ ስንጥቅ ግን የሚደርሰው 5 ፒክስል ብቻ ነው። ምስሉ በዚያው መጠን ከደበዘዘ ምልክቱ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ ሌንስ የገዛ ሰው ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ሌንሱን ሊፈትነው ይገባል። ይሁን እንጂ ፈተናው ራሱ በጥንቃቄ ካልተካሄደ ደህናውን ሌንስ ለሻጩ እንድንመልስ፣ ጉድለት ያለበትን ደግሞ ይዘን እንድንቀር ያደርገናል። ምክንያቱም ብዥታ የሚመነጨው ቢያንስ ከአምስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም የካሜራው መንቀጥቀጥ፣ በመካከል ያለው አየር፣ የትኩረት መዛነፍ፣ የብርሃን የራሱ ባሕርይና በመጨረሻም ሌንሱ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹን አራቱን በየተራ እያስወገድን የሌንሱን ድርሻ ብቻ ለይተን የምናወጣበትን መንገድ እንመለከታለን።

መንቀጥቀጥ

በ300 ሚ.ሜ. ሌንስ ላይ ከላይ የጠቀስነው አንድ ፒክስል የሚያየው ማዕዘን 4 የቅስት ሰከንድ ያህል ነው። አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ መሆኑን እናስታውስ። መዝጊያው ክፍት በሆነበት ቅጽበት ካሜራው ይህን ያህል እንኳ ቢዞር፣ በአንድ ፒክስል ላይ ማረፍ የነበረበት ብርሃን ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ለ300 ሚ.ሜ. ሌንስ ቢያንስ 1/300 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ይጠቀሙ ዘንድ የሚመክረው የቆየ ደንብ የወጣው በፊልም ዘመን ነው። ምስልን በፒክስል ደረጃ አጉልቶ ለሚመረምር ሰው ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ የፈጠነ መዝጊያ ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ካነን መንቀጥቀጥን የሚያካክስ መሣሪያ የተገጠመለትን 75–300 ሚ.ሜ. ዙም ሌንስ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ ዘዴ በአብዛኞቹ የቴሌፎቶ ሌንሶች የተለመደ ሆኗል። መሣሪያው በእጅ ይዞ ለማንሳት እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሲቆም አንዳንዶቹ የሌለ እንቅስቃሴ ለማረም ሲሞክሩ ራሳቸው ብዥታ ይፈጥራሉ። ስለዚህ በፈተናው ጊዜ እናጠፋዋለን። ካሜራውን በጠንካራ ትራይፖድ ላይ እናቆማለን፤ ትራይፖድ ከሌለ ባቄላ የተሞላ ከረጢት በጠረጴዛ ላይ አድርገን ሌንሱን እናስተኛበታለን። ቁልፉ ከተጫነ ከ2 ሰከንድ በኋላ እንዲያነሳ ካዘዝነውም የጣታችን ንክኪ ከፈተናው ውጪ ይሆናል።

በመካከል ያለው አየር

አየር ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን እንደ ሙቀቱ ይለያያል። በበጋ ቀትር በአስፋልት ላይ ውሃ መስሎ የሚታየን ነገር ከዚሁ የተነሳ ነው። ከጋለ መሬት ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚነሳው ሞቃት አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲደባለቅ የብርሃኑን መንገድ ያለማቋረጥ ያጣምመዋል፤ ቴሌፎቶ ሌንስም ሩቁን ነገር ሲያጎላ ይህንኑ መዛባት አብሮ ያጎላል። በቀትር ከሩቅ ተራራ ላይ በተነሳ ፎቶግራፍ ሌንስን መኮነን ፍትሕ አይደለም። ፈተናው በማለዳ ወይም በደመናማ ቀን፣ በአጭር ርቀትና የመስኮት መስታወት ሳይጋርደው ይካሄድ።

ተስማሚው ርቀት የትኩረት ርቀቱ 50 እጥፍ ነው፤ ለ300 ሚ.ሜ. 15 ሜትር፣ ለ70 ሚ.ሜ. ደግሞ 3.5 ሜትር ይሆናል። በዚህ ርቀት 36 በ24 ሚ.ሜ. የሆነ ሴንሰር ሁልጊዜ የሚያየው 1.8 በ1.2 ሜትር የሆነ የግድግዳ ክፍል ነው። ስለዚህ አንዱን በመካከል፣ አራቱን በየማዕዘኑ አድርገን አምስት የጋዜጣ ገጾችን በግድግዳው ላይ ብንለጥፍ፣ በሁሉም የዙም ደረጃ በዚያው ዒላማ ልንሠራ እንችላለን። ሴንሰሩ ያነሰ ከሆነ ጋዜጦቹን ማቀራረብ ነው። ካሜራው ግድግዳውን ቀጥ ብሎ እንዲመለከት ትንሽ መስታወት በግድግዳው መካከል ልጥፍ አድርገን እንይዛለን፤ የሌንሱ ምስል በመስታወቱ ውስጥ ልክ በካሜራው ዕይታ መካከል ሲገኝ አቀማመጡ ትክክል ነው።

የትኩረት መዛነፍ

በ300 ሚ.ሜ. ሌንስ፣ በኤፍ 5.6 የብርሃን ቀዳዳ በ15 ሜትር ላይ ስናነሳ፣ በፒክስል ደረጃ ጥርት ብሎ የሚታየው የቦታ ጥልቀት ከፊትና ከኋላ በድምሩ 17 ሴ.ሜ. ያህል ነው። በ10 ሜትር ላይ ወደ 7.5 ሴ.ሜ. ይወርዳል። ኦቶፎከሱ ከዚህ በጥቂቱ ቢስት እንከን የሌለበት ሌንስ እንኳ የደበዘዘ ምስል ይሰጣል።

ጥፋቱ የኦቶፎከሱ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አስቀድመን በካሜራው ስክሪን ላይ ምስሉን አጉልተን ትኩረቱን በእጃችን እናስተካክልና እናነሳለን። ከዚያም በእያንዳንዱ መካከል ትኩረቱን ሆን ብለን እያበላሸን በኦቶፎከስ አሥር ጊዜ እናነሳለን። በእጅ የተነሳው ጥርት ብሎ በኦቶፎከስ የተነሱት ሁሉ ከደበዘዙ የሌንሱ መስታወት ነጻ ነው።

የዚህ መዛነፍ መንስኤ በመስታወት ካሜራዎች ዘንድ ግልጽ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ትኩረቱን የሚለካው ክፍል ምስሉን ከሚቀበለው ሴንሰር የተለየ ስለሆነ፣ የሁለቱ የብርሃን መንገድ በጥቂቱ እንኳ ከተለያየ ልኬቱ ይዛነፋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በላቁ ካሜራዎች ላይ የወጣው የኦቶፎከስ ጥቃቅን ማስተካከያ ይህንኑ ለማረም የታሰበ ነው። በግድግዳው ፋንታ አንድ ማስመሪያ ወደ ካሜራው ዘንበል አድርገን ካስቀመጥንና በመካከሉ ላይ ካተኮርን፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ቁጥር ትኩረቱ ወደፊት ወይስ ወደኋላ እንደሳተ ይነግረናል። ማስተካከያውን በደረጃ እያንቀሳቀስን መካከሉ እስኪጠራ እንደግማለን። ለዙሙ አጭር ጫፍ የሚስማማው ቁጥር ለረጅሙ ጫፍ ላይስማማ ስለሚችል ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። መስታወት አልባ ካሜራዎች ግን ትኩረቱን የሚለኩት በራሱ በምስሉ ሴንሰር ላይ ስለሆነ ይህ ችግር በአብዛኛው አያጋጥማቸውም።

የብርሃን ባሕርይ

ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1835 እንዳሳየው፣ እንከን የለሽ ሌንስ እንኳ የአንዲትን ኮከብ ምስል በነጥብ ሳይሆን በትንሽ ክብ መልክ ያሳርፈዋል። የክቡ ስፋት የሚገኘው የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በኤፍ ቁጥሩና በ2.44 በማባዛት ነው። ለአረንጓዴ ብርሃን፣ ማለትም ለ550 ናኖሜትር፣ በኤፍ 5.6 ስፋቱ 7.5 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ በኤፍ 22 ግን 29.5 ማይክሮሜትር ይደርሳል። ይህም 5 ፒክስል ያህል፣ ማለትም የቀበሮው የጆሮ ምልክት የሚይዘውን ስፋት የሚያክል ነው። በኤፍ 22 የሚታይ ብዥታ የየትኛውም ፋብሪካ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ፈተናችንን በሰፊው ቀዳዳ፣ በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 እንወስነዋለን።

የሌንሱ ድርሻ

አሁን የቀረው ሌንሱ ራሱ ነው። የቴሌፎቶ ዙም ሌንስ ብዙውን ጊዜ ከአሥር በላይ መስታወቶች ሲኖሩት፣ ከፊሎቹ ሌንሱ ሲያጎላ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ መስታወት ከመካከለኛው መስመር በጥቂቱ ከወጣ ወይም ካዘነበለ፣ የምስሉ አንዱ ወገን ከሌላው ይልቅ ይደበዝዛል። አራቱም ማዕዘኖች ከመካከሉ እኩል ቢያንሱ ይህ ከሌንሱ ንድፍ የሚመጣ የተለመደ ነገር ነው። አንዱ ማዕዘን ብቻውን ከደበዘዘ ግን ሊያጠራጥረን ይገባል።

ጥርጣሬውን የሚፈታ ቀላል ሙከራ አለ፤ ይኸውም ካሜራውን ከነሌንሱ ገልብጦ፣ ማለትም 180 ዲግሪ አዙሮ ያንኑ ግድግዳ ደግሞ ማንሳት ነው። ብዥታው ያንኑ ጋዜጣ ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የአቀማመጣችን ነው፤ ካሜራው ግድግዳውን ቀጥ ብሎ አላየም። ጋዜጣው ተለውጦ ብዥታው በፎቶግራፉ በዚያው ማዕዘን ከቀረ ግን ጥፋቱ የሌንሱ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህን ጉድለት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሊያቃናው ስለማይችል፣ ሻጩ የሰጠው የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ ሁለቱን ፎቶግራፎች በማስረጃነት ይዞ መሄድ ይገባል።

ሙከራውን በሦስት የዙም ደረጃዎችና በሦስት የብርሃን ቀዳዳዎች ብናካሂድ ዘጠኝ ውጤቶች እናገኛለን። በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን በማስታወሻ ማስፈር በቤተ ሙከራ የምንማረው ሥርዓት ነው። ሌንሱ በ300 ሚ.ሜ. በሰፊው ቀዳዳ ጥቂት የሚደበዝዝ፣ በኤፍ 8 ግን ጥርት የሚል ሆኖ ቢገኝ ይህም ጠቃሚ ዕውቀት ነው። እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ የያዘ ተማሪ ቀበሮው ብቅ ባለ ጊዜ በየትኛው ቀዳዳና በየትኛው ፍጥነት እንደሚያነሳው ቆሞ አያሰላስልም።