የጭቃ ጎማና የሕዝብ መንገድ

መንገድ እንደ ምንጭ ውሃ የሁሉ ሀብት ነው። ከምንጭ የሚቀዳ ሰው እንስራውን ከሞላ በኋላ ውሃውን አደፍርሶ ቢሄድ፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጎረቤቱ እንደሚጠማ ሁሉ፥ በመንገድም የሚያልፍ ሰው የራሱን መድረስ ብቻ አስቦ መንገዱን አበላሽቶ ቢያልፍ፥ የሚከተለው መንገደኛ ከጭቃ ውስጥ ይቀራል። የበቅሎና የአህያ ኮቴ ብቻ ባለፈበት ዘመን ይህ ነገር ብዙ አያሳስብም ነበር። ዛሬ ግን ጥርሱ የረዘመ የጭቃ ጎማ የለበሱ መኪናዎች በከተማውም በገጠሩም መንገድ ሲመላለሱ ይታያልና፥ የዚህን ጎማ ጥቅምና ጉዳት ለይቶ ማወቅ የተገባ ነው።

ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፥ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው የጎጃም ደጋ ላይ ያለች የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። የባሶ ገበያ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ስሙ በሩቅ የታወቀ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነበርና። እንግሊዛዊው መንገደኛ ቻርልስ ቢክ በጎጃም በተቀመጠበት ጊዜ ስለዚህ ገበያ ጽፎአል። በዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴው ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ፥ ውሃው እስኪጎድልለት ድረስ ጭነቱን አራግፎ ይቆይ ነበር። ወንዙን በኃይል ልሻገር ያለ ሰው ራሱንም ከብቱንም ያጠፋ ነበርና፥ ለክረምት ጊዜውን መተው እንደ ጥበብ ይቈጠር ነበር።

የጎጃም ደጋ መሬት በብዙ ስፍራ ለእርሻ የከበረ፥ ለመንገድ ግን አስቸጋሪ ነው። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅም ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በበጋ እንደ ድንጋይ የጠነከረው መንገድ፥ ሐምሌ ሲገባ እንደ ሊጥ ይሆናል። ባላገሩ ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ በእርሻው ላይ ቦይ እያወጣ ውሃውን ያጠፋዋል እንጂ ከአፈሩ ጋር አይታገልም። ተራ ጎማ ያለው መኪና በዚህ ጭቃ ላይ ሲገባ፥ የጎማው ጥርስ ወዲያው በዋልካ ይሞላና ሾፌሮች ሊሾ እንደሚሉት ያለ ልሙጥ ይሆናል፤ እግሩ በከንቱ ይሽከረከራል፥ መኪናውም እንደ ሰከረ ሰው ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ሾፌሩ የጭቃ ጎማ የሚፈልገው ስለዚህ ነው፤ ፍላጎቱም የቅንጦት ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

የጭቃ ጎማ አሠራር እንዲህ ነው። ጥርሶቹ ትልልቅና ረዣዥም ናቸው፤ በጥርስና በጥርስ መካከልም ሰፊ ክፍት ስፍራ አለ። እግሩ ሲዞር ጥርሱ ወደ ጭቃው ገብቶ እንደ መቆፈሪያ ይይዛል፤ በክፍቱ ስፍራ የገባውንም ጭቃ በመሽከርከሩ ኃይል ወደ ውጭ እየወረወረ ራሱን ያጸዳል። ስለዚህ የታመመ ሰው ለመውሰድ፥ ክትባት ለማድረስ፥ ወይም መሬት ለመለካት ወደ ሩቅ ቀበሌ ለሚሄድ መኪና ይህ ጎማ እውነተኛ ረዳት ነው። ጎማው በተሠራለት ስፍራና በተሠራለት ጊዜ ሲውል የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ነቀፋው የሚመጣው ያለ ስፍራውና ያለ ጊዜው ሲውል ነው።

በመጀመሪያ በአስፋልት መንገድ ላይ ያለውን ጉዳት መመልከት ይገባል። በጭቃ ላይ በረከት የነበረው ያ ክፍት ስፍራ በአስፋልት ላይ ጉድለት ይሆናል፤ መንገዱን የሚነካው ላስቲክ ያነሰ ነውና። በተለይ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ከተራ ጎማ ይልቅ የመንሸራተት ጠባይ አለው። ነገሩን በቍጥር ለመረዳት፥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጎማው መንገዱን በደኅና በያዘ ጊዜ ይህ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ36 ሜትር የሚቆም ቢሆን፥ የጎማው መያዝ በሩብ ሲቀንስ እስከ 48 ሜትር ይሄዳል። ይህ የ12 ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን መንገድ የሚሻገር ተማሪ ወይም አህያ የሚነዳ ሽማግሌ የሚገኘው በዚህ በ12 ሜትሩ ውስጥ ነው።

ሁለተኛም ብዙ ሰዎች ከፋብሪካው ከተመደበው መጠን የሚበልጥ ጎማ ያስገባሉ። የጎማው ቁመት ከአሥር አንድ እጅ ቢጨምር፥ ፍጥነት መቍጠሪያው 80 ሲያሳይ መኪናው 88 ይሮጣል፤ ሾፌሩም ሕግ የጠበቀ እየመሰለው ሕግ ይተላለፋል። የእግሩ ክብደትና ቁመት ሲጨምር ፍሬኑ የሚሸከመው ሥራም ይጨምራል። ደግሞም ሾፌሮች በጭቃ ላይ ጎማው እንዲሰፋላቸው ነፋሱን ያስተነፍሳሉ። ይህም ለጊዜው ይረዳል፤ ነገር ግን አስፋልት ላይ ከወጡ በኋላ ጎሚስታ ዘንድ ሳይደርሱና ነፋሱን ሳይመልሱ ቢጋልቡ፥ ጎማው እየታጠፈ ይግላል፥ በመጨረሻም ይፈነዳል።

ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሾፌር ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፥ ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ እንደ ገና ወደ ደጋ ይወጣል። በዚያ ገደል መካከል በ2000 ዓ. ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ ይገኛል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየስፍራው የሚሰምጥበትና የሚያብጥበት ቍልቍለት ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ በጠመዝማዛው ላይ መሪው የሚታመነው ጎማው መሬቱን በያዘው መጠን ብቻ ነው። የጭቃ ጎማ ረዥም ጥርስ በጠንካራ መንገድ ላይ ይወላገዳል፥ መሪውም የሾፌሩን እጅ ዘግይቶ ይከተላል። ለጭቃ የተገዛ መድን በገደል አፋፍ ላይ ስጋት የሚሆነው እንዲህ ነው።

በአፈር መንገድ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል። በአስፋልት ላይ ጎማው የሚጎዳው በመኪናው ያለውንና በፊቱ የሚያገኘውን ሰው ነው፤ በእርጥብ አፈር ላይ ግን መንገዱን ራሱን ይገድላል። ጥርሱ መሬቱን እየፈለፈለ ሁለት የጎማ ቦይ ያወጣል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ መንገዱ ዳር በመፍሰስ ፈንታ በዚያ ቦይ ይወርዳል፥ ቦዩንም ወደ ጐርፍ መሄጃ ይለውጠዋል። የሚቀጥለው መኪና ቦዩን ሸሽቶ በዳር ሲያልፍ አዲስ ቦይ ያወጣል፤ መንገዱ እየሰፋ ወደ ባላገሩ የጤፍ ማሳ ይገባል። ጎማው ይዞት የወጣው ጭቃ ደግሞ በአስፋልቱ መግቢያ ላይ ይረግፍና፥ ከኋላ የሚመጣውን የሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ያንሸራትታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በመካከል የሚቀረው ሰው ነገር ነው። ባለ ጭቃ ጎማው ያልፋል፤ ቦዩ ግን ይቀራል። ከእርሱ በኋላ ባለ ጋሪው፥ ጭነት ያለባት አህያ፥ ባለ ተራ ጎማው አምቡላንስ ይመጣሉ። በነሐሴ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ለማድረስ የወጣ መኪና፥ ማለዳ ሌላው አርሶት ባለፈው ቦይ ውስጥ ተቀርቅሮ ቢያድር፥ የሴቲቱንና የሕፃኑን ነፍስ ማን ይጠየቅበታል? በኦሪት ዘጸአት ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን ለባለቤቱ እንዲከፍል ተደንግጓል። በሕዝብ መንገድ ላይ ቦይ ከፍቶ የሚሄድ ሰው ከዚያ ባለ ጉድጓድ የሚለየው በምን እንደ ሆነ ለመናገር ያስቸግራል።

ሌላም የተሰወረ ጉዳት አለ። በጠንካራ መኪናና በጭቃ ጎማ የሚሄድ ሰው የመንገዱን መበላሸት አያውቀውም። በወረዳውና በዞኑ ስለ መንገድ የሚመክሩት ሹማምንት ብዙ ጊዜ የሚጓዙት እንዲህ ባለው መኪና ነው። እነርሱ ካለፉ መንገዱ የሚያሳልፍ ይመስላቸዋል፥ በሪፖርትም ክፍት ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ለባለ ጋሪውና ለእግረኛው ግን ከተዘጋ ሰንብቶአል። ኃይለኛ ጎማ የመንገድን ጩኸት ከሹም ጆሮ የሚሰውር መጋረጃ ሊሆን ይችላል።

የቀደሙት ሰዎች ግን መንኰራኵርን ከመንገድ አስቀድመው አላሰቡም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ. ም. 7 ሺህ ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በወሰዱ ጊዜ፥ ገደሉን እያስቈረጡ፥ ድንጋዩን እያስነሡ፥ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር እየሠሩ መንገዱን አስቀድመው አበጁ፤ ጕዞውም ወራት ፈጀ። አውቶሞቢል በ1900 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም የመንገድ ጉዳይ እየበረታ ሄደ፤ በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1989 ዓ. ም. ደግሞ ከነዳጅ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ መንገድ እንዲጠገን የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተመሠረተ። ስለዚህ መንገድ የሚፈለፍል ሰው የሚያጠፋው ባልንጀራው በየሊትሩ የከፈለውን ገንዘብ ነው።

ሌሎች አገሮችም ይህን ፈተና አይተውታል። በአሜሪካ የእርሻ ትራክተር እግር ባለ ጥርስ ብረት በነበረ ጊዜ፥ የተነጠፈውን መንገድ ስለ ፈለፈለ በብዙ ግዛቶች በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ተከለከለ። ክልከላውም ገበሬውን አልጎዳውም፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1932 ጀምሮ ነፋስ የተሞላ የላስቲክ እግር በትራክተር ላይ ሲገባ ማሳውንም መንገዱንም የማይጎዳ መላ ተገኘ። በጃፓንም በበረዶ ላይ እንዳያንሸራትት የብረት ሚስማር የተተከለበት ጎማ አስፋልቱን እየፋቀ ከተሞችን በአቧራ ስለ ሞላ፥ በ1990 ሕግ ወጥቶ ተከለከለ፥ ፋብሪካዎችም ሚስማር የሌለው የክረምት ጎማ ሠሩ። በካሜሩን ደግሞ በአፈር መንገድ ላይ የዝናብ መዝጊያ ይደረጋል፤ ዝናብ ሲዘንብ በሩ ይዘጋል፥ መሬቱ እስኪጠነክርም ድረስ ከባድ መኪና ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ይህ ሥርዐት የባሶ ነጋዴዎች በዓባይ ዳር ይጠብቁት ከነበረው ሥርዐት የራቀ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ለይጁቤና ለመሰሎቿ ወረዳዎች የሚበጀው ጎማውን ፈጽሞ መከልከል ሳይሆን ሥርዐት ማበጀት ነው። ሾፌር የሆነ ሰው የጭቃ ጎማውን ለክረምት አስገብቶ በመስከረም መጨረሻ ቢያወልቀው፥ የራሱንም ገንዘብ ያተርፋል፤ ረዥሙ ጥርስ በአስፋልት ላይ ፈጥኖ ያልቃልና። ክረምቱን በሙሉ ሁለቱን መንገድ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ጥርሱ መካከለኛ የሆነውን፥ ለአፈርም ለአስፋልትም የተሠራውን ጎማ ይምረጥ፤ ጎማው ከመኪናው መጠን እንዳይበልጥ ይጠንቀቅ፤ አስፋልት ሲወጣ ነፋሱን ይመልስ፤ በዝናብም ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንስ።

የወረዳ ሹማምንት ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት በአፈር መንገድ ላይ የጭነት መኪና ለጥቂት ሰዓት እንዲቆይ ቢያደርጉ፥ ለአምቡላንስ ብቻ በሩን ቢተዉ፥ ሰኔ ሳይገባም የመንገዱን ቦይ ቢያስጠርጉ፥ ለጥገና የሚወጣው ብዙ ገንዘብ ይቀራል። በዓመት አንድ ቀንም በነሐሴ ወር ከመኪናቸው ወርደው መንገዳቸውን በእግራቸው ቢሄዱት፥ ብዙ ሪፖርት የማይነግራቸውን ያውቃሉ።

የካህናትም ድርሻ ታናሽ አይደለም። ባላገሩ በደቦ አዝመራውን እንደሚሰበስብ ሁሉ፥ በደብሩ ዙሪያ ያለውን የመንገድ ቦይ በደቦ እንዲጠርግ ቢመከር እሺ ይላል፤ ታቦት የሚወጣበት፥ አስከሬን የሚመጣበት፥ ሙሽራ የሚያልፍበት መንገድ ነውና። ስለ ጥርጊያ መንገድ ነቢዩ ኢሳይያስ የተናገረውን መጥምቁ ዮሐንስም የሰበከውን ለሕዝቡ የሚተረጕም ካህን፥ ከምስጢሩ ጋር የእጅ ሥራውንም ቢያስተምር ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

ጠንካራ ጎማ አንድን ሰው ከጭቃ ያወጣል፤ ጠንካራ መንገድ ግን አገሩን ሁሉ ያወጣል። ለጎማው ከሚወጣው አሳብና ገንዘብ ከፊሉ ለመንገዱ ቢውል፥ ባለ መኪናውም ባለ አህያውም፥ ምጥ የያዛትም እናት በአንድ መንገድ በሰላም ይደርሳሉ።