ከእጥበት እስከ እጥበት

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ቤት የሚመጣ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ሙዝና ብርቱካን ይገዛል፣ ጭማቂ ይጨምርበታል። አሳቢነት ነው። ነገር ግን ሙዝም ብርቱካንም ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በብዛት አላቸው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግደዋል፤ የደከመው ግን አይችልም። ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምትን ያዛባል፣ ሲብስም ልብን ያቆማል።

የተለመደው የኩላሊት እጥበት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሲደመር 12 ሰዓት ይሆናል። ሳምንት ግን 168 ሰዓት አለው፤ የታማሚው ኑሮ የሚያምረውም የሚከፋውም ባብዛኛው በቀሪው ነው። ወጪው ከብዶት በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠብም በአገራችን አለ። ለእሱ የመሐሉ ቀን ይረዝማል፣ ጥንቃቄውም የዚያኑ ያህል ይጠብቃል።

ታማሚዎች አብዝተው ከሚያማርሩት አንዱ የውሃ ጥም ነው። ሽንት ሲቀንስ የተጠጣው መውጫ የለውም፤ 1 ሊትር ውሃ ሚዛን ላይ 1 ኪሎ ሆኖ ይታያል። እግር ያብጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጋደም ብሎ መተንፈስ ያስጨንቃል። ብዙ ኪሎ ጨምሮ ለእጥበት የመጣን ሰው ማሽኑ ያን ሁሉ ፈሳሽ በጥቂት ሰዓት ሲስብበት ግፊቱ ይወርዳል፣ እግሩን ይሸመቅቀዋል፤ ቤቱ የሚገባው ዝሎ ነው።

«አትጠጣ» ማለት ብቻውን ግን ጭካኔ ነው። የሚያስጠማው ጨው እስካልቀነሰ ድረስ ጥምን በፈቃድ ብቻ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ጨው ደግሞ ድስት ላይ ከሚነሰነሰው ሌላ በርበሬውና ሽሮው ውስጥም አስቀድሞ ገብቷል። ለታማሚው ለብቻው ድስት ከመጣድ የቤቱን ሁሉ ወጥ ጨው መቀነስ ይሻላል እላለሁ፤ የፈለገ በየበኩሉ ይጨምር። ያኔ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለብቻ መብላት ሰውን ከበሽታው በላይ ይሰብራል።

ፈሳሽ ሲቆጠር ሾርባው፣ ሻዩ፣ ወተቱም ይቆጠራል። ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው ቡና ወደ ሩብ ሊትር ይጠጋል። ወደ ፖታሲየም ስንመለስ፣ ታማሚው ድንች ሲያምረው ልጦና በስሱ ቆርጦ በብዙ ውሃ መቀቀል፣ ውሃውንም መድፋት ፖታሲየሙን ይቀንሰዋል።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የፕሮቲን ነገር ነው። እጥበት ሳይጀመር «ሥጋና እንቁላል ቀንስ» የተባለ ሰው፣ ከጀመረ በኋላ «ጨምር» ይባላል። ሐኪሙ ሐሳቡን ለውጦ አይደለም፤ በእያንዳንዱ እጥበት ከፕሮቲኑም አብሮ ስለሚወጣ ነው። የዐቢይ ጾም ሳይገባ ሐኪምንም የንስሐ አባትንም ማማከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ንቅለ ተከላ ከዚህ ብዙውን ያቃልላል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ጀምሮታል። ለጋሽ ያላገኘ ግን ማሽኑን ይዞ መኖር አለበት፤ ስለዚህ ማሽኑ የሚያያዝበት ክንድ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። ግፊት አይለካበትም፣ ደም አይቀዳበትም፣ ከባድ ነገር አይንጠለጠልበትም። በእጅ ሲዳስሱት የሚሰማው ንዝረት ከጠፋ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ማሳከክ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ማታ ማታ እግር አላርፍ ማለት፣ በትዳር መኝታ ላይ መድከም፣ ተስፋ መቁረጥ፦ እነዚህን ብዙ ታማሚ ዋጥ አድርጎ ይኖራል። ለሁሉም እርዳታ አለ። ድካሙ ከደም ማነስ ከሆነ ደም እንዲመረት የሚያግዝ መርፌ አለ። ታማሚው አፍሮ የማይናገር ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ቀጠሮ ይግባ፤ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር አብሮት የሚተኛው ሰው ያውቃል።