ከሌንሱ ጎን የቆመው

ጠጋ በሉማ፤ ከቀረጻ ቦታ ብዙም የማይወጣ ነገር ልንገራችሁ። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ የምታለቅሰው ተዋናይት የምታየው የምትወደውን ሰው ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ የምታየው ከሌንሱ አጠገብ የተለጠፈች ቁራጭ ፕላስተር ነው። አይላይን የምንለው ይህን የዕይታ አቅጣጫ ነው፤ ዓይኗ ከዚያ ከሳተ ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱ ሰዎች የሚተያዩ አይመስሉም።

ብዙ ጊዜ ካሜራው አንድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም የሚያሳየው ማስተር ሾት ይቀረጻል። ከዚያ መብራቱ ሁሉ ለወንዱ ተዋናይ ተስተካክሎ ፊቱን በቅርብ የሚያሳየው ክሎዝ አፕ ይወሰዳል፤ ቀጥሎ እንደገና ተነቃቅሎ ወደ እሷ ይዞራል። በመሐሉ ሰዓታት ያልፋሉ። ጠዋት ማስተሩ ላይ ያለቀሰችውን ለቅሶ ከምሳ በኋላ በዚያው ቃል ላይ መድገም አለባት። ብርጭቆውን በቀኝ እጇ አንስታ ከነበረ አሁንም በቀኝ ነው፤ ሻዩ የት ድረስ እንደነበር እንኳ የኮንቲኒዩቲ ሠራተኛዋ ፎቶ አንስታ ይዛለች። ወለሉ ላይ ማርክ ተለጥፎላታል፤ ወደ ታች ሳታይ እዚያው መቆም ይኖርባታል። ስንዝር ካለፈችው ፎከሱ ይጠፋል። "ከት! እንደገና።"

ይሄ ሁሉ ሲሆን እሱ የት ነው? አንዳንዱ ፊቱ ስለማይቀረጽ ስልኩን ይዞ ጥላ ይፈልጋል፤ የእሱን ቃል ረዳት ዳይሬክተሩ በደረቁ ያነብላታል። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው "ኦን ዘ ዋተርፍሮንት" ዝነኛ የታክሲ ትዕይንት ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ማርሎን ብራንዶ የራሱ ቀረጻ ሲያልቅ ሄደ፤ ሮድ ስታይገር ክሎዝ አፑን ሌላ ሰው እያነበበለት ሠራ። ስታይገር ቅሬታውን ለብዙ ዓመታት አልተወም፤ እኔም የምፈርደው ለእሱ ነው። ብራንዶ በዚያ ፊልም ኦስካር መሸለሙ ነገሩን አያቀለውም።

እኛ የምናከብራቸው ተዋንያን ግን ይቆያሉ። ከቡም ማይክሮፎኑ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ከሌንሱ ጎን ተጠግተው፣ አንድም ፍሬም ላይ የማይገባ ትወና በሙሉ ልባቸው ይሰጣሉ። አንዱ እንዲህ ቆሞ ዕንባው አገጩ ድረስ ሲወርድ አይቻለሁ። ትቀረጽ የነበረችው ተዋናይት ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ ከቴኮቹ ሁሉ ፊልሙ ውስጥ የገባውም ያ ቴክ ነው። ለዚያ ስሙን ጠርቶ ያመሰገነው ተመልካች የለም።

ስለዚህ የቀኑን ፕሮግራም ሳወጣ ከባዱን ክሎዝ አፕ ጠዋት ላይ አስገባዋለሁ፤ ሁለቱም ሳይደክሙ፣ የመሄጃው መኪናም በር ላይ ሳይቆም።