ጎልማሶችን ስለሚይዘው ስለ አስም በሽታ

በልጅነቱ ጤነኛ ሆኖ ያደገ ሰው፥ ዐርባ ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ሌሊት ደረቱ ታፍኖ ትንፋሹም ሲር ሲር እያለ ከእንቅልፉ ቢነሣ፥ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚለው «ብርድ መትቶታል» ነው። ቡሉኮ ይደረብለታል፥ ትኩስ ነገር ይጠጣል፤ ሲነጋም ስለሚሻለው ነገሩ ይረሳል። ብዙ ሰው አስምን የሕፃናት ደዌ ብቻ አድርጎ ስለሚቈጥረው፥ ጎልማሳው ወደ ሐኪም ሳይሄድ ዓመታት ያልፋሉ። አስም ግን በማናቸውም ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። በልጅነት ጊዜ ወንዶች ይበዙበታል፤ ለአካለ መጠን ከተደረሰ በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ የሚበዙት ሴቶች ናቸው።

የበሽታውም ጠባይ ይህ ነው። አየር ወደ ሳንባ የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ውስጣቸው ተቈጥቶ ያብጣል፥ አክታ ይሞላባቸዋል፥ በዙሪያቸው ያለውም ጡንቻ ይኰማተራል። ስለዚህ ሕመምተኛውን አየር ከመሳብ ይልቅ ማውጣት ያስጨንቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች 262 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በዚያው ዓመት 455,000 ሰዎች ሞተውበታል። ከሞቱትም የሚበዙት መድኃኒቱ እንደ ልብ በማይገኝባቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

በአገራችንም በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የተደረገ ምርመራ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። በከተማው ከመቶ ሰው 3.6፥ በገጠሩ ግን 1.3 አስም እንዳለባቸው ተናግረዋል። የገጠሩ ሰው ጭስና ብርድ የማያጣ ሆኖ ሳለ የከተማው መብለጡ «ብርድ ነው» የሚለውን የቤታችንን ፍርድ የሚያጠራጥር ይመስለናል።

ለበሽታው የሚያጋልጡት ነገሮች ብዙ ናቸው። በዘር መውረድ፥ የአለርጂ ጠባይ፥ ትምባሆ፥ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከነዚህ ይቈጠራሉ። ጕንፋን ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል፤ አስፒሪን እንኳ ለአንዳንድ ጎልማሳ አይስማማም። ይሁን እንጂ እጅግ የሚዘነጋው የሥራ ቦታ አየር ነው። ጎልማሶች ላይ ከሚታየው አስም ከስድስት የአንዱ ያህል ምክንያት ከሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሊቃውንት ይገምታሉ።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፥ እህል የሚያበጥሩና የሚሰፍሩ ሰዎች ከትቢያው የተነሣ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ጽፏል። ሐኪምም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድር ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መክሯል።

ይህ ጥያቄ በባርሴሎና ከተማ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ ሰው በዳነ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1987 ባለው ጊዜ 26 ቀን፥ ጎልማሶች በድንገት ትንፋሻቸው ታፍኖ በአንድ ቀን በብዛት ወደ ሆስፒታል ይገቡ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፥ እነዚያ ቀኖች በወደቡ መርከብ አኩሪ አተር የሚያራግፍባቸው ሆነው ተገኙ። ከጎተራዎቹ አንዱ ማጣሪያ ስላልነበረው፥ ትቢያው በነፋስ ወደ ከተማው ይበተን ነበር። ማጣሪያው ተሠራ፤ ሆስፒታሉን የሚያጨናንቀውም ድንገተኛ ሕመም ቀረ።

እንግዲህ በወፍጮ ቤት፥ በዳቦ መጋገሪያ፥ በጥጥ ወይም በእንጨት ሥራ የሚውል የቤተ ሰብ አባል ሌሊት ሌሊት የሚያስለው ከሆነ፥ በዕረፍት ቀኑ ይሻለው እንደ ሆነ ይጠየቅ። በዕረፍት ተሽሎት ሥራ ሲገባ የሚብስበት ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ትንፋሹን በመሣሪያ ይለካል። መድኃኒቱም ወደ ውስጥ የሚሳብ ነው፤ አንዱ ሕመሙ ሲነሣ ፈጥኖ የሚያስታግስ፥ ሁለተኛው ግን እብጠቱን የሚያበርድ ነው። ብዙ ሰው የፊተኛውን ብቻ ይዞ የኋለኛውን ይተዋል፤ እብጠቱም እንዳለ ስለሚቀር፥ አንድ ቀን ማስታገሻው አልሠራ ይለዋል።

ስለ ቤቱም አንድ ነገር እንጨምር። ሕመምተኛ ባለበት ቤት ማድ ቤቱ ከመኝታው ተለይቶ መስኮትና የጭስ መውጫ ይኑረው። ሕመምተኛዋ እመቤቲቱ ወይም ወጥ ቤቷ ከሆነች፥ እንጀራውን ሌላ ሰው ቢጋግር ይሻላል። ቡና ሲፈላም የዕጣኑ ማጨሻ ከደጅ ይቀመጥ።